ቀዳዳ ያለው አይበላም

ጉንዳኖቹን ቀድማ ያየቻቸው እሷው ነበረች፤ ችግሩ ማየትና ማስተዋል አንድ አለመሆናቸው ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ መስኮት ላይ በክር ተንጠልጥለው ወደሚወዛወዙት ቅጠል መሳይ ጌጦች አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ሌላ መስመር ይወርዳል። መጥረጊያዋን አንስታ ግድግዳውን ጠረገችና «ዞር በሉ እናንተ፣ ነገ ልጆቹን ልትነክሱብኝ ነው?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንንሾቹን ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ገለበጠች፤ ወለሉን ወለወለች፤ ልጆቹ ከግቢ ያግበሰበሱትን የረገፈ ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ ጨረሰችና ቀና አለች። ጉንዳኖቹ ተመልሰዋል። አሁን ደግሞ ዘመድ አዝማድ ጠርተው ነው የመጡት።

ያን ጊዜ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። እነዚያ ጌጦች የተሠሩት ከጨው ሊጥ ነው። ጉንዳን ለስኳር እንጂ ለጨው ሲሰለፍ ማን አይቶ ያውቃል?

ወንበር ላይ ወጥታ አንዱን ጌጥ ከነክሩ በጠሰችና ጫፉን በጥርሷ ሰበረች። ጣፈጣት። ዱባ፣ ስኳር፣ ቅቤ። በሕይወቷ እንዲህ የመረረ ጣፋጭ ቀምሳ አታውቅም። ብስኩቱ መስኮት ላይ ከተሰቀለ፣ ልጆቹ በወረቀት ከረጢት ይዘውት ወደ ቤታቸው የሄዱት ምንድን ነው?

የሰፈሩ ሰው «ወይዘሮ እንዳይሆን» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባለሱቁ ነው። ልጇ ካስነጠሰች «የሳንባ ምች እንዳይሆን»፣ ባሏ ካመሸ «መኪና ገጭቶት እንዳይሆን»፣ በር ከተንኳኳ «መርዶ እንዳይሆን» ስትል ሰምቶ፣ አንድ ቀን ሳሙና ሲሸጥላት «እንኪ፣ ወይዘሮ እንዳይሆን» አላት፤ ስሙ ተለጥፎ ቀረ። እሷ ግን አልተቀየመችም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያሉ ሲተርቱባትም መልስ አላት፦ «መፍራት ሳይደርስ ነው፤ ከደረሰማ በኋላ ምን ይሠራል?»

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ መዋዕለ ሕፃናቱን የሚመሩትና ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው መምህርት፣ ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ቅጠል ሲያስለቅሙ፣ ሲያስጋግሩና ጌጥ ሲያሠሩ ይሰነብታሉ። እናቶች ተራ ገብተው ያግዛሉ። የወይዘሮ እንዳይሆን ተራ ሲደርስ ግን ምንጊዜም ሌላ እናት ትገኝ ነበር፤ እንዴት እንደምትገኝ እትዬ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ዘንድሮ ሌላ እናት አልተገኘችም።

ዛሬ ጠዋት ሽርጧን ታጥቃ ስትገባ ልጆቹ ግቢውን ሞልተውታል። ቢጫ ቅጠል፣ ቀይ ቅጠል፣ የደረቀ የፍሬ ቅርፊት፣ የወፍ ላባ፣ እንጨት፣ ያገኙትን ሁሉ ይለቅማሉ። እሷ ከኋላቸው እየተከተለች ትል እንዳይኖርበት እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጣ ታያለች። ከልጆቹ አንዱን ወፍጮ ይሉታል። ያገኘውን ሁሉ ስለሚያደቅ ነው፦ ጠመኔ፣ ከለር፣ ሙጫ፣ አንድ ጊዜም የእትዬን የመነጽር ጨርቅ። ወፍጮ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያላምጥ አየችና «ኧረ ልጁ! ትፋ! ትፋ!» ብላ ጮኸች። ወፍጮ አፉን ገጠመ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ዋጠው።

«እሱ ላይ አይጮህም» አሏት እትዬ ከበሩ ሆነው። «ሲጮሁበት ይውጣል። ምንም ነገር ተፍቶ አያውቅም።»

«ምን ነበር የዋጠው?»

«እንግዲህ ነገ እናየዋለን።»

ከዚያ ወደ ሊጡ ሄዱ። ሊጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዱቄት፣ የተቀቀለ ዱባ፣ ስኳርና ቅቤ ያለበት፣ የሚበላ። ሁለተኛው ዱቄትና እኩል ጨው በውሃ የተለወሰ፣ ለጌጥ። ልጆቹ ሊጡን ይዳምጣሉ፣ የለቀሙትን ቅጠል ያስተኙበታል፣ የቅጠሉ ጅማት እስኪታተም በመዳፋቸው ይጫኑታል፣ ከዚያ ዙሪያውን በደነዘዘ ቢላ ይቆርጡታል። የጨዉ ሊጥ ነጭ ስለነበር ደረቅ ቅጠል እንዲመስል እርድ እንዲገባበት የመከረችው እሷ ናት። አማረ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኑ።

እንዳይምታታ እትዬ አንድ ሕግ አወጡ፦ ጌጡ ክር ማስገቢያ ስለሚያስፈልገው በስትሮ ይበሳል፤ ብስኩቱ አይበሳም። «ቀዳዳ ያለው አይበላም!» ብለው አስጮኋቸው። ልጆቹም እንደ ዘፈን ያዙት።

በዚህ ላይ ወይዘሮ እንዳይሆን የራሷን ሕጎች ጨመረች። ሆድ ስለሚነፋ ጥሬ ሊጥ ማንም አይቀምስም። ደግሞም ብስኩቱ እዚህ አይበላም፤ ይህን ሁሉ ልጅ በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም፣ አንዱ ቢያንቀውስ? በከረጢት ተደርጎ ቤቱ ሄዶ በወላጁ ፊት ይብላ። እትዬ በረጅሙ ተነፈሱና «ይሁን» አሉ።

ትሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የጨዉ በግራ፣ የዱባዉ በቀኝ። እትዬ የግቢውን በር ሊከፍቱ ወጡ። እሷም ልጇን፣ እስከ ክርኗ ሊጥ የሆነችውን ድንቡሼን ልታጥብ በጓሮ በር ወጣች። ስትመለስ ክው አለች። መብሳቱ ጥሟቸው ኖሮ ወፍጮና ጓደኞቹ ሁለቱንም ትሪ እንደ ወንፊት አድርገውታል። ምድጃው ግሏል፣ እትዬ አልተመለሱም። ጊዜ አላጠፋችም፤ የቀኙን ትሪ ሳበችና በአውራ ጣቷ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነች።

የወጣችው በጓሮ በር፣ የተመለሰችው በፊት በር መሆኑን፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆማ ግራዋ ቀኝ መሆኑን ያሰበችው አሁን ነው፤ ወንበር ላይ ቆማ፣ አፏ ውስጥ ጣፋጭ ይዛ። ምላስ ጫፍ ላይ አንዲት ቅንጣት ሊጥ ማስነካት ይበቃ ነበር። እሱን ደግሞ ራሷ ከልክላለች።

እትዬ ወጥ ቤት ትሪ እያጠቡ ነበር።

«እትዬ፣ ጉድ ሠራሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«አልሰበርኩም። ልጆቹን ጨው አስይዤ ነው የሸኘሁት።»

እትዬ የቀረውን ግማሽ ጌጥ ከእጇ ወስደው ቀመሱ። አልተቆጡም፣ አልጮኹም፤ እጃቸውን በፎጣ ጠራረጉና ስልካቸውን አነሱ። መጀመሪያ የደወሉት ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ነርስ እህታቸው ነው። ነርሷ የምትለው ለሁለቱም ይሰማል፦ «የቀመሰ ይተፋዋል፤ ውሃ ስጡት፣ ምንም አይደል። ከረጢቱን ሙሉ የበላ ካለ ግን ቀልድ አይደለም። ይሄ ሁሉ ጨው ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ወዲያው አምጡልኝ።»

«ሙሉውን ማን ይበላዋል?» አሉ እትዬ ስልኩን ዘግተው። «ጨው አፉ ሲገባ የማይተፋ ልጅ...»

ሁለቱም ተያዩ።

«ወፍጮ» አለች።

«ወፍጮ» አሉ እትዬ።

እትዬ ለወላጆቹ ተራ በተራ ይደውሉ ጀመር። አንዷ ልጇ ቀምሳ እንደተፋችው ተናገረች። ሌላዋ «ከእራት በኋላ ብዬ ደብቄበት ነበር፣ እንኳን ደበቅኩት!» አለች። ልብስ ሰፊው አባት ግን ድምፁ ተዳክሟል።

«እትዬ፣ አንዱን ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ነኝ።»

«አንተ ራስህ? ለምን አልተፋኸውም?»

«ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች! ‹አባዬ፣ ጣፈጠህ?› ስትለኝ እንዴት ልትፋው? እንባዬ ነው የመጣው። እንባዬም ከብስኩቱ ጨዉ ያነሰ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ሁሉንም ለአባዬ ብላ አልቀመሰችም። አይ የልጅ ፍቅር! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚባለው እንዲህ ሲበዛ አይደለም መቼም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ለባሏ ደወለች። ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ በስልኩ ይገባል። ድንቡሼ አጠገቡ ስለነበረች ከረጢቷን አሳየችው፤ አልተነካም ማለት ይቻላል አለ። «ማለት ይቻላል ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጮህ «ኧረ ደህና ናት፣ እየዘለለች ነው» አላት።

የቀረው ወፍጮ ነው። ወፍጮ የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። አያትየው የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ካመጡ በኋላ ሥራ እስኪገቡ ይተኛሉ፤ ሲተኙ ደግሞ ስልክ ያጠፋሉ። እትዬ ደጋግመው ሞከሩ። ዝግ ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ሽርጧን ሳትፈታ።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እዚያ መንገድ ላይ ያለውን ውሻስ?»

ውሻውን ታውቀዋለች። እሱን ሽሽት ስንት ጊዜ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳለች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው እትዬ» አለችና ወጣች።

በመንገዱ ሁሉ የረገፈ ቅጠል ነው፤ ከእግሯ ሥር እየተንኮሻኮሸ አብሯት ይሮጣል። ጭንቅላቷ እንደ ልማዱ ሥራውን ጀምሯል። ልጁ ወለል ላይ ወድቆ፣ አያትየው እያንኮራፉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ «ማናት ያበላችው?» ሲባል። እግሯ ግን አልቆመም። ሌላ ቀን እንዲህ ያለው ሐሳብ ሲመጣ እጇንና እግሯን ያስራት ነበር፤ ዛሬ ከኋላዋ ሆኖ ይገፋታል።

እንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሠራተኛ ቆሟል።

«የጥበቃው ቤት የት ነው?»

«የቱ ጥበቃ? ጸጉራቸው የሸበተው ወይስ ያለቀው?»

«ሁሉን የሚበላ ልጅ ያላቸው!»

«አሃ፣ እነሱ ናቸው! ባለፈው መጋዜን ሊበላብኝ ነበር። በዚች ጠባብ መንገድ ግቢ፣ አረንጓዴ በር ነው። ግን ቆይ፣ ውሻውን ልያዝልሽ፤ ሰው አይወድም።»

«እኔም አልወደውም» አለችና አልፋው ገባች።

ውሻው መንገዱን ዘግቶ ተኝቷል። ሲያያት ተነሳ፣ ጥርሱን አሳየ። «ዛሬ ጊዜ የለኝም!» ብላ ጮኸችበት፤ ድምፁ ከራሷ መውጣቱን ተጠራጠረች። ውሻውም የተጠራጠረ መሰለ፤ ጆሮውን ጥሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋላት።

አረንጓዴውን በር አንኳኳች። በጡጫ ደበደበችው። ከውስጥ የሚያስል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ፣ ከሕፃናቱ ትምህርት ቤት!»

«ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም!»

«ታዲያ በሬን ለምን ትሰብሪያለሽ?»

ሽማግሌው ብርድ ልብስ ተከናንበው ከፈቱ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም።

«ልጁ የት ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«ስንት ልጅ ነው ያለዎት አባባ!»

«አንድ። ሲያጠፋ ግን ብዙ ነው የሚሆነው። ምን አደረገ?»

«እሱ አላጠፋም፤ እኔ ነኝ። ዛሬ የያዘው ብስኩት ብስኩት አይደለም። ጨው ነው። ከበላው ይጎዳል።»

የሽማግሌው እንቅልፍ ብን ብሎ ጠፋ። ክፍሉ አንድ ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የልጅ ፍራሽ። ፍራሹ ላይ የወረቀት ከረጢቱ ተጥሏል። አንስታ ገለበጠችው። ጥቂት ፍርፋሪ ወደቀ። ባዶ ነው።

ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ የጠዋቱ የእትዬ ድምፅ ትዝ አላት። ሲጮሁበት ይውጣል። ከንፈሯን ነከሰች። ሽማግሌውም የልጁን ስም ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን ያዘች፤ «ቀስ ይበሉ አባባ፤ እባክዎ፣ ቀስ።»

የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ወፍጮ ጀርባውን ሰጥቶ አፈር ላይ ቁጢጥ ብሏል። እጁ ጭቃ ነው። አንድ ጉንጩ ተወጥሯል።

ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እሷ ራሷ እንኳ እንዲህ ለስላሳ ድምፅ ያላት አይመስላትም ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው የኔ ጌታ?»

ወፍጮ አፈሩን በመዳፉ ደለደለ።

«አፍህ ውስጥ ያለውን ታሳየኛለህ? ጠዋት ጮኼብህ ነበር። አሁን አልጮህም።»

ወፍጮ አያት። ጉንጩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ሊውጠው ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። መዳፏን ዘርግታ ከአገጩ ሥር አደረገችና ጠበቀች። ልጁ መዳፏን አየ፣ አያቱን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ተፋው። የራሰ፣ ግማሽ የሆነ ቢጫ ቅጠል።

«ጨው ነው» አለ፣ ሰው እንደበደለው ሁሉ።

«እግዜር ይስጥሽ!» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ልጅ ሲተፋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ጨው ነው፣ የኔ ጥፋት ነው» አለችው። «ሌሎቹንስ? በላሃቸው?»

«ዘራኋቸው።»

«ምን አደረግካቸው?»

«እትዬ የወደቀ ነገር አፈር ውስጥ ሲገባ ይበቅላል ብለዋል። የብስኩት ዛፍ ነው።» ጭቃማ ጣቱን አፈሩ ላይ ጠቆመ፤ ትንንሽ ጉብታዎች በመስመር ተደርድረዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ወይዘሮ እንዳይሆን ናት። ልጅ ዘራሁ ስላለ ዘርቷል ማለት አይደለም። «አባባ፣ ማንኪያ ይኖርዎታል?» አለች። ሽማግሌው ሁለት ማንኪያ አመጡና ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ቋጥረው አብረዋት ተንበረከኩ።

«ካወጣሽው እኮ አይበቅልም!» አለ ወፍጮ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ጨው አይበቅልም ልጄ፤ መሬቱንም ነው የሚያደርቀው» አሉት አያቱ። «አያትህ ስንት ዓመት ኖሮ አንድ የጨው ዛፍ አላየም።»

ያገኙትን እያራገፉ ድንጋይ ላይ ደረደሩት። አንዱ ቅጠል ሙሉ ነው፤ ሌላው ተሰብሯል፣ ስባሪው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ከረጢቱ ውስጥ በእጇ የከተተችውን ታውቃለችና እየገጣጠመች ቆጠረች። ልጁ ከተፋው ግማሽ ላይ አንዲት ጥርስ ያረፈባት ጫፍ ጎደለች። በቃ፣ የጎደለው ይኸው ነው። ለነርሷ ደወለች። «የጥፍር ታህል? ውሃ አጠጡት፤ ቢያስመልሰው ወይም ቢፈዝባችሁ አምጡት» አለች ነርሷ። ወፍጮ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ሲጠጣ እስከ መጨረሻው ጉንጭ ቆማ አየችው፤ ፊቱን አየች፣ እጁን ዳበሰች፣ ስሙን እንዲጠራ አደረገች፣ አያቱንም ዛሬ ሥራ ሲገቡ ለጎረቤት አደራ እንዲሰጡት አስማለቻቸው።

ልጁ ግን የተቆፈረውን አፈር እያየ አልተጽናናም። ያን ጊዜ እጇን ሽርጧ ኪስ ከተተች። ጠዋት ዱባውን ስትፈለፍል ልጆቹ እንዳይውጡት ያሸሸችው ፍሬ እዚያው ነበር። አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄን ዝራው። ይሄ ይበቅላል።»

«ብስኩት ያፈራል?»

«ዱባ ነው የሚያፈራው። ዱባው ብስኩት ይሆናል።»

ወፍጮ አንዱን ፍሬ ወደ አፉ ወሰደ። አየችው። አየት አደረጋትና መልሶ ወደ ጉድጓዱ ከተተው።

ቤቷ ስትደርስ መብራት በርቷል። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እጁ ገና በጎማ ቅባት ጠቁሯል።

«እትዬ ደውለው ነበር፣ ሁሉም ደህና ነው አሉ። ውሻውን ገፍትራ አለፈች የሚባለውስ እውነት ነው?»

«ማነው ያለው?»

«እንጨት ሰንጣቂው ለባለሱቁ፣ ባለሱቁ ለሰፈሩ። ስምሽ ሊቀየር ነው።»

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የድንቡሼ ከረጢት እዚያ ነው። አንዱን ቅጠል አወጣች፤ ጠርዙ ላይ በጣም ትንሽ የሆነ የጥርስ ምልክት አለ። የቀሩት አልተነኩም፣ ከረጢቱ አፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ተዘግቷል።

ድንቡሼ አልጋዋ ላይ ናት፤ ዓይኗ ግን አልተኛም።

«ቀምሰሽው ነበር?»

«ትንሽ። አባዬ እንዲያይ ብዬ። ጨው መሆኑን ግን አውቅ ነበር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ትምህርት ቤት ክርኔ ላይ የነበረውን ሊጥ ላስኩት፤ እጄን ስታጥቢኝ። ጨው ነበር። ከዚያ አንቺ ክርኔ የነካውን ትሪ ቀዳዳ ስትደፍኚ አየሁሽ።»

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የኔ እመቤት?»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። «ሊጥ አትቅመሱ ብለሽ ነበር። ከነገርኩሽ መላሴን ታውቂያለሽ። ትጮኺያለሽ።»

ከውጭ ባሏ እጁን ሲታጠብ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ከሮጠችበት ሁሉ፣ ከውሻውም ከአረንጓዴው በርም፣ ይህቺ አጭር መልስ ከበደቻት።

«ስሚኝ» አለች በመጨረሻ። «የቀመስሽውን ሁሉ ንገሪኝ። የሰበርሽውንም። የዋጥሽውንም። አልጮህም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።» አሰበችበትና መዋሸት አልሆንላት አለ። «ትንሽ እጮህ ይሆናል። ግን ጮኼም እሰማሻለሁ።»

ድንቡሼም አሰበችበት። «እሺ። ሙጫም ቀምሻለሁ።»

እናትየው ትንፋሿን ሳበች። ዓይኗን ጨፈነች። «...መቼ?»

«ድሮ። ሦስት ዓመቴ እያለ።»

«ጣፈጠሽ?»

«አይ።»

«ጎሽ» አለችና ግንባሯን ሳመቻት። መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

ባሏ የቀሩትን ጨዋማ ቅጠሎች መስኮቱ ላይ በክር ሲሰቅል አገኘችው። ቀዳዳቸው ስለተደፈነ በምስማር እየበሳ ነው። «ጉንዳን አይመጣባቸውም» አላት። ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉን አዞረችና እጀታውን ሳብ አድርጋ አየችው። ደግማ ሳበችው።

«ተዘግቷል እማዬ!» አለች ድንቡሼ ከጨለማው ውስጥ።

«አውቃለሁ» አለችና አንድ ጊዜ ጨምራ ሳበችው።